በገና ጾም የጠመመው ክንድ

የገና ጾም ሲገባ ደሴ ላይ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ብርድና ስብራት። ብርዱን የጦሳ ተራራ ይልከዋል። ስብራቱን ግን ሰው ራሱ ያመርተዋል። እህል ሲታጨድ ድንበር ይገፋል፤ ድንበር ሲገፋ ዱላ ይነሳል። እህሉ ሲሸጥ አረቄ ይጠጣል፤ አረቄው ሲጠጣ የተረሳ ቂም ሁሉ ይታወሳል። በዚያ ላይ ጎረምሳው ሜዳ ለሜዳ የገና ጨዋታ እያለ ቅልጥም ለቅልጥም ይፋለጣል። ነቢያት የጌታን መወለድ እየናፈቁ የጾሙትን ጾም የወሎ ሰው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይፈጽመዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተሰበረው ሁሉ የሚወሰደው ሆጤ ሰፈር፣ ወጌሻ ቀለሙ ቤት ነበር። ቀለሙ ስልሳ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ አንገቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቁጣው አፍንጫው ላይ ያለ ሰው ነው። እጆቹ ግን የሌላ ሰው ይመስላሉ። ዐይኑን ጨፍኖ ቆዳ ሲዳብስ አጥንቱ የት ጋ እንደተሰነጠቀ፣ ወዴት እንደተንሸራተተ በጣቶቹ ያያል። በሌላው ወር እንደማንኛውም ሙያተኛ ዋጋውን ተቀብሎ ይሠራል። ከኅዳር ዐሥራ አምስት እስከ ገና ድረስ ግን ሳንቲም አይነካም፤ ደጁ የመጣውን ሰው አይመልስም፤ ከገጠር መጥቶ ማደሪያ ያጣውንም ግቢው ውስጥ ገለባ አንጥፎ ያስተኛዋል፣ ያበላዋል። ስለቱ ነው። በጾሙ ቅቤ እንኳ በእጁ አይነካም፤ የሚያሸው በኑግ ዘይት ነው። "ቆዳ ደግሞ መቼ ጾመ?" ብለው የሚቀልዱበት አሉ። "የኔ እጅ ይጾማል" ይላቸዋል ኮስተር ብሎ።

ሲሠራ በሽተኛ የሚይዝለት ጎረቤቱ በሺር ነው። በሺር ከመናኸሪያ ተሸካሚነት የቀረ ግዙፍ ሰው ነው። ሙስሊም ነው፤ ቢሆንም በገና ጾም እሱም ዋጋ አይቀበልም። "ጾሙ የእርስዎ ነው፤ አጅሩ፣ ምንዳው ግን ለሁለት ይበቃል ኢንሻአላህ" ይላል። የተሰበረውን ሰው ከኋላው አቅፎ "አብሽር ወንድሜ፣ አብሽር" ሲለው ሰውየው ትንሽ ይረጋጋል። ያን ጊዜ ቀለሙ ይስበዋል። ሲስብ ሁሌም አንድ ቃል አለው፤ "ጩህ!" ጥርሱን ነክሶ የሚችል በሽተኛ አይወድም። ሕመሙን የዋጠ ሰው ገላው ይቆለፋል፤ ገላ ከተቆለፈ አጥንት ቦታውን አያገኝም ባይ ነው።

ስለቱን ያመጣውም ያው የገና ጨዋታ ነው። ቀለሙ በሃያ ሁለት ዓመቱ ሰው መንገድ የሚለቅለት ዱለኛ ነበር። አግማስ የሚባል እኩያው ገበያ መሐል ስድብ ተናግሮ አዋረደው። ቀለሙ ሳምንት ሙሉ ዝም አለ። በገና ዕለት ሜዳ ላይ ሲገናኙ ጥንጓን የሚመታ መስሎ በቆልማማው ዱላ የአግማስን ቅልጥም ገመሰው። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ፤ ነጭ ሆኖ ታየ። አግማስ ሣሩን በጥርሱ እየነጨ ጮኸ። ማንም ቀለሙን አልከሰሰውም። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ተባለና አለፈ። የአግማስን እግር ግን አንድ የሰፈር ወጌሻ አረቄ ጠጥቶ አጣምሞ ገጠመው። እግሩ ወደ ውጭ እንደዞረ ቀረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ቀለሙ ግን የወጋ ሆኖ መርሳት አቃተው። አግማስ እያነከሰ ባለፈ ቁጥር አንጀቱ ይቆረጣል። በመጨረሻ ሐርቡ ወረደና ሼህ የሱፍ ከሚባሉ አሮጌ ወጌሻ እግር ሥር አራት ዓመት ተቀመጠ። ሼሁ ከማስተማራቸው በፊትም፣ ካስተማሩት በኋላም የሚሉት አንድ ነገር ነበር። "አጥንት አማና ነው ልጄ፤ አደራ ነው። ሰውየው ሌባም ይሁን፣ ነፍስ ያጠፋም ይሁን፣ አጥንቱ ምን አጠፋ? አላህ አርባ ቀን ጥሬ አድርጎ አንተ እጅ ላይ ያኖረዋል። በአርባው ቀን ይጠናል። ከዚያ ወዲያ ያንተን ስህተት እንደያዘ ነው የሚቀበረው።"

ቀለሙ ሙያውን ይዞ ደሴ ሲመለስ አግማስ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ፤ አግማስም ይቅር አለው። አግማስ መድኃኔ ዓለም ደጅ ጫማ እየሰፋ ነው የሚኖረው። በየዓመቱ በታኅሣሥ ገብርኤል ቀለሙ ሊሳለም በደጁ ሲያልፍ ከወስፌው ቀና ይልና "ዘንድሮ ስንት አቃናህ?" ይለዋል። ቀለሙ "ሠላሳ አንድ" ይላል፤ "አርባ ሦስት" ይላል። አግማስ "በርታ" ይለውና ወደ ጫማው ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ይኸው ነበር፤ ለቀለሙ ግን ከንስሐ አባቱ ፊት ከመቆም ይበልጥበት ነበር።

አሁን ወደ ጽናት እንምጣ። ጽናት የቀለሙ አንድያ ልጁ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያደገችው አባቷ ሥር ስንጥር እየቀረፈች፣ ጨርቅ እየቀደደች ነው፤ ሙያውን ሳይነግራት ተምራዋለች። በሃያ ዓመቷ ኮምቦልቻ ላለ ስለሺ ለሚባል የተሳቢ መኪና ሾፌር ተዳረች። ስለሺ መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለአማቱ እጅ የሚነሳ ሰው ነበር። ሚስቱን ይደበድባል። መጀመሪያ ከንፈሯ ተተርትሮ መጣች። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ስለሺ ጉልበት ስሞ ማለ፣ ቀለሙም "ባልሽ ነው፣ ቻይው" ብሎ መለሳት። በዓመቱ ጎኗ ጠቁሮ፣ መተንፈስ አቅቷት መጣች። ያው ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ያው ጉልበት ተሳመ። "ቻይው ልጄ፤ ሁሉም ቤት ችሎ ነው" አላትና መለሳት።

በሦስተኛው ጊዜ ቀኝ ክንዷ ከሁለት ተሰብሮ፣ በነጠላዋ ታቅፋው፣ በሚኒባስ ብቻዋን መጣች። ቀለሙ አጥንቱን ሲስብ "ጩሂ!" አላት። አልጮኸችም። ላብ በፊቷ እየወረደ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ያን ጊዜ ግን ወደ ባሏ አልመለሳትም። የእሷን ክንድ እንደማንም አሳምሮ ገጠመው፤ ከዚያ ወዲያ ግን በየቀኑ የሰው ጩኸት በሚሰማበት ቤት ውስጥ የሚረብሸው ያ ዝምታ ሆነ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን፣ የጽዮን ማርያም ዕለት ረፋዱ ላይ፣ ግቢው በበሽተኛ ሞልቶ ሳለ አንድ ታክሲ በሩ ላይ ቆመ። ከውስጡ ፊቱ በቁስል ቅርፊት የተሸፈነ ሰው ደግፈው አወረዱ። ቀኝ ክንዱ ከመሐል ተቀንጥሶ መዳፉ ወደ ኋላ ዞሯል። ሐርቡ ላይ ከሌላ ሾፌር ጋር በመንገድ ቅድሚያ ተጣልቶ በብረት ተመትቶ ነው። ስለሺ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። በሺር ከተቀመጠበት ተነሳ።

"ይህ ሰው በየትኛው ዐይኑ ነው የመጣው? ጋሽ ቀለሙ፣ ይፍቀዱልኝ። ሌላውንም ክንዱን ላጥፍለትና በመጣበት ይመለስ፤ ወላሂ!"

ስለሺ መሬት ላይ ተንበረከከ። ወይም ወደቀ፤ መለየት ያስቸግር ነበር። "ጋሼ፣ በእመቤቴ፣ ቀኗ ነው። ሐኪም ቤት ጀሶ ቢያደርጉልኝ አላስቻለኝም፣ ራሴ ቀደድኩት። የመኪናው ባለቤት እስከ ገና ካልነዳህ ለሌላ እሰጠዋለሁ ብሎኛል። በገና ጾም ሰው አይመልሱም ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

ቀለሙ የስለሺን አንገት አየ። አሁን አንገቱን ቢይዘው በሁለት እጁ ይበቃዋል። ግን ስለት ስለት ነው፤ ግቢ ሙሉ በሽተኛ እያየው ነው። "አስገባው" አለ በሺርን።

በሺር ያዘው፤ "አብሽር" ግን አላለውም። ቀለሙ ያበጠውን ክንድ በዘይት አርሶ ዳበሰ። ሁለቱም አጥንቶች ተሰብረው አንዱ በሌላው ላይ ወጥቷል። እግሩን ስለሺ ብብት ላይ ተክሎ ጎተተ። "ጩህ!" ስለሺ ጮኸ፤ ጭንቅላቱን በሺር ደረት ላይ እያላተመ፣ እናቱን እየጠራ ጮኸ። አጥንቱ እየተፋጨ ወረደና ከጫፉ ጋር ገጠመ። በቃ፣ አልቆ ነበር። የሚቀረው አውራ ጣቱን ወደ ላይ አቅንቶ ማሰር ብቻ ነበር።

ቀለሙ አውራ ጣቱን ያዘና ቆመ። ይቺ እጅ ናት፣ አለ በልቡ። ይቺው ናት የልጄን ከንፈር የተረተረችው። ከዚያ አውራ ጣቱን በሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አዞረው። አጥንቱ ላይ ለላዩ እንደተያያዘ ተጠማዘዘ። እንዲህ የገጠመ ክንድ ያነሳል፣ ይይዛል፤ መዳፉ ግን አይገለበጥም፣ ማርሽም አይቀይርም፣ ለጥፊም አይሰነዘርም። ቀለሙ በዚያች ቅጽበት ጽድቅ የሠራ መሰለው። ሌላ ልጅ ደግሞ ከዚህ እጅ ተረፈች፣ አለ። ስንጥሩን ደረደረ፤ በአቡጀዲው ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ቀና ሲል ጽናት በሩ ላይ ቆማለች። ዐይኗ የባሏ ፊት ላይ አልነበረም፤ አውራ ጣቱ ላይ ነበር። ዞራ ወደምትሠራው ሽሮ ተመለሰች።

በስምንተኛው ቀን ስለሺ እስሩ ሊታይለት ተመልሶ መጣ። ለበሽተኞቹ ብሎ አንድ ጆንያ ብርቱካን ከሐርቡ አምጥቷል፤ በግራ እጁ እየጎተተ አስገባው። የቀለሙን ጉልበት ስሞ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፤ እንደ እርስዎ ያለ ክርስቲያን የለም" አለ። ቀለሙ ፈታው። አጥንቱ ገና ለጋ ነው፤ በአንድ ጣት ገፋ ቢያደርገው ይቀና ነበር። አልገፋውም። አሽቶ መልሶ እንደዚያው አጣምሞ አሰረው። የመጀመሪያውን ንዴት ነው ሊለው ይችል ነበር። ሁለተኛውን ግን ምን ይበለው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጾሙ አልሄድለት አለ። ንፍሮውን ሳይጨርስ ለበሽተኛ ያሳልፋል። ብርቱካኑን በሽተኞቹ እየላጡ ሲበሉ እሱ ተነስቶ ይወጣል። ለጸሎት ሲቆም ከ"አባታችን ሆይ" "በደላችንን ይቅር በለን" የምትለዋ ጋ ይደርስና ይመለሳል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፤ ይህን ተረት ለስንቱ ሲነግር ኖሮ አሁን ለራሱ ሆነ። ንዴቱንም በሽተኛ ላይ ይወጣው ጀመር። አንዱን የኩታበር ገበሬ ጉልበቱን ሲያወጣለት ያለ ልክ ጎትቶት ሰውየው ራሱን ሳተ። በሺር ውኃ እያፈሰሰበት ቀለሙን ቀና ብሎ አየው። "ጋሽ ቀለሙ፣ እጅዎ ዘንድሮ ምን ነካው?"

ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ገብርኤል ነው። ቀለሙ ሌላ ዓመት ስሞ የሚያልፍበትን የመድኃኔ ዓለምን ደጅ ዘንድሮ በጎን ሊያልፈው አሰበ። አግማስ ግን አየው። ጠማማ እግሩን ፊቱ ዘርግቶ፣ ወስፌውን ጥርሱ ላይ ይዞ፣ "ምነው? ዘንድሮስ ስንት አቃናህ?" አለው።

ቀለሙ ቁጥሩን ያውቀዋል። ሃያ ስድስት ነው። ሃያ ስድስት ሊል አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። ሃያ አምስትም ማለት አልቻለም። አግማስ ጫማውን ከጭኑ አወረደ።

"ስማ ቀለሙ" አለ። "እኔን የሰበርከኝ አንተ ነህ። ያኔ ወጣት ነበርክ፣ ተናደድክ፣ መታኸኝ። እኔም ሰድቤህ ነበር። አንተን ይቅር ካልኩ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ያን አጣሞ የገጠመኝን ወጌሻ ግን ዛሬም ይቅር አላልኩትም። ታምሜ ሄድኩ፣ አምኜ እግሬን ሰጠሁት። ሞቷል አሉኝ፤ ሲሞትም አላዘንኩለትም። በየጠዋቱ ስነሳ የምረግመው እሱን ነው።"

ቀለሙ እዚያው ደጁ ላይ ቀኑን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ከኅዳር ሃያ አንድ እስከ ዛሬ ሃያ ስምንት ቀን። ሼህ የሱፍ አርባ ነው ያሉት። ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ያ ክንድ ድንጋይ ይሆናል፤ ስለሺም እስኪቀበር ድረስ በየጠዋቱ እየተነሳ የሚረግመው ሰው ይኖረዋል። አሁን ደግሞ በጣት ገፋ ተደርጎ የሚቀናበት ጊዜ አልፏል። እንደገና መሰበር አለበት። ሳይሳለም ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ስንጥርና ጨርቁን በከረጢት ይዞ፣ በሺርን አስከትሎ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርዱ ለበሺር ሁሉንም ነገረው። "አውቀው ነው?" አለ በሺር። "አውቄ ነው።" "አስተግፊሩላህ" አለ በሺር፤ ፊቱንም ወደ መስኮቱ አዞረ።

ስለሺን ያገኙት ከባድ መኪኖች የሚያድሩበት ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። ከተሳቢው ጎን ቆሞ ረዳቱ ጎማ ሲፈታ ያዛል። ቀለሙን ሲያይ ፊቱ በራ። "ጋሼ! እስሩን ሊፈቱልኝ ነው?"

"እጅህን አጣምሜ ነው ያሰርኩት" አለ ቀለሙ። አላስታመመውም፤ ማስታመም አያውቅበትም። "አውቄ ነው ያደረግኩት። ስለ ጽናት ብዬ ነው። መዳፍህ አይገለበጥም፤ መንዳት አትችልም። እስከ ጾሙ መጨረሻ ከቆየ ማንም ወጌሻ አይመልሰውም። አሁኑኑ ሰብሬ እንደገና ልገጥመው ነው የመጣሁት።"

ስለሺ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መዳፉን ሊገለብጥ ሞከረ። እስሩ ይሆናል ብሎ በጥርሱ ፈታው፤ ስንጥሮቹ መሬት ላይ ተበተኑ። እንደገና ሞከረ። ክንዱ ግማሽ ዞሮ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ጎማ መፍቻውን ብረት በግራ እጁ ከረዳቱ ነጥቆ ዞረ።

የመጀመሪያው ምት የቀለሙ ትከሻ ላይ አረፈ። ቀለሙ ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም። በሺር ዘሎ ስለሺን ሊይዘው ሲል ቀለሙ "ቁም!" ብሎ ጮኸበት። ሁለተኛው ጉንጩን አገኘው፤ አፉ በደም ሞላ፣ አንድ ጥርስ ምላሱ ላይ ተሰማው። ሦስተኛው ወደ ዐይኑ ሲመጣ በግራ እጁ ጋረደ፤ ሁለት ጣቶቹ ተሰበሩ። ሾፌሮችና ጫኝ አውራጆች ከየመኪናው ሥር ወጥተው ከበቡ። ድሮ ሦስት ሰው በአንድ ዱላ ያስተኛ የነበረው ቀለሙ እጁን አላነሳም። ሊያነሳ አምሮት ነበር። "አንድ ቃል ይበሉኝ ጋሽ ቀለሙ! አንዲት ቃል!" እያለ በሺር እንባው ይወርዳል። አራተኛውን ወገቡ ላይ ሲያገኘው ቀለሙ በጉልበቱ ወረደ።

ስለሺ ትንፋሽ አጥሮት ቆመ። ብረቱ ከእጁ ወደቀ።

ቀለሙ ጥርሱን ከደሙ ጋር ተፋ። "ጨረስክ?" አለው። "ከጨረስክ እጅህን አምጣ።"

"ማን ያምንሃል ከእንግዲህ?" አለ ስለሺ፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። "አንተ ሰይጣን ሽማግሌ፣ ማን ያምንሃል?"

"አትመነኝ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ያያሉ። አሁንም አጣምሜ ካሰርኩት እዚሁ ግደለኝ።"

ስለሺ የመኪናውን በር አየ፤ ጠማማ ክንዱን አየ። ያለ ማርሽ ሕይወት አልነበረውም። መሬት ላይ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ።

ቀለሙ ከጎማው ሥር የእንጨት ታኮውን አወጣ። ክንዱን በእንጨቱ ጠርዝ ላይ አጋደመ፤ የተሰበረበት ቦታ ልክ በጠርዙ ላይ እንዲውል ለካ። በሺር ከኋላ አቀፈ። እያለቀሰ ነበር፤ ቢሆንም "አብሽር" አለው፤ "አብሽር ስለሺ።" ቀለሙ የቀኝ እጁን መዳፍ አንዴ አንስቶ በሙሉ ክብደቱ ወረደበት። ደረቅ ሸንበቆ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ከከበቡት ሰዎች አንዱ ዞሮ አስታወከ። ስለሺ የጮኸው ጩኸት ግቢውን አናወጠው፤ የመኪና ጥሩምባ እንኳ እንዲያ አይጮኽም። ቀለሙ በአንድ ደህና እጁና በሦስት የግራ ጣቶቹ ጎተተ፣ አዞረ፣ አውራ ጣቱን ወደ ሰማይ አቆመ። የተሰበሩት ጣቶቹ እየተንጠለጠሉ በየጉተታው ዐይኑን ያጨልሙበታል። አስሮ ሲጨርስ ስለሺ በሺር ደረት ላይ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

"ይቺን ሕመም ጽናት ሳትጮህ ነው የቻለቻት" አለው ቀለሙ። "አርባ ቀን አትንዳ። እሷ ደጅ ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ አትምጣ።"

ሆጤ ሲደርሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በሽተኞቹ ለጾም መፍቻ ተሰብስበው ጽናት ታወጣላቸዋለች። የአባቷን ፊት ስታይ ሰፌዱን አስቀመጠች። በሺር የሆነውን ሁሉ እዚያው በር ላይ ቆሞ ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ የአባቷን ግራ እጅ አንስታ ሁለቱን ጣቶች አየች፤ አብጠው ጠቁረዋል።

"ይህንን ማን ሊገጥምልህ ነው?"

"አንቺ።"

ወደ ውስጥ አስገባችው፤ አስቀመጠችው፤ ዘይቱን አመጣች። እያሸችው ቀና ሳትል ተናገረች።

"እኔ አይቼው ነበር አባዬ። አውራ ጣቱን ስታዞረው አይቻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። በየቀኑ ሽሮ እየሠራሁ፣ የሰው ቁስል እያጠብኩ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጾሜን ራሱ የያዝኩት በዚያ ነው።" ዘይት ጨመረችበት። "አንተ ግን ለእሱ ኮምቦልቻ ድረስ ወርደህ ተደብድበህ ጥፋቴ ነው አልክ። ለእኔስ? ሁለት ጊዜ በሽማግሌ አስረህ ወደ ዱላ የመለስከኝ እኔን ነው። ለእኔ መቼ ጥፋቴ ነው አልከኝ?"

ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ማዕድ ቀርበዋል፤ አንድ ቀን አልተነጋገሩበትም። ቀለሙ በሦስተኛው ጊዜ ስላልመለሳት ብቻ የካሰ መስሎት ነበር። ለበሽተኛ ሁሉ የተረፈ ምጽዋቱ ለገዛ ልጁ አንዲት ቃል ሳትሆን መቅረቷ በዚያች ሰዓት ገባው፤ ከብረቱም ይልቅ አመመው።

ጽናት የመጀመሪያዋን ጣት ይዛ ሳበች። በደንብ አድርጋ ነው የሳበችው። ቀለሙ ጋቢውን ነከሰ።

"ጩህ" አለችው።

ዝም አለ።

"ጩህ እንጂ አባዬ! እኔ ያኔ ያልጮህኩት ቻይው ስላልከኝ ነው።"

እንደገና ሳበች። ቀለሙ ጮኸ። ግቢ ውስጥ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ጉርሻቸውን ይዘው ቆሙ፤ በጾም ወቅት በዚያ ቤት ሁሉም ሰው ሲጮኽ ሰምተዋል፣ ባለቤቱን ግን ሰምተው አያውቁም። ጩኸቱ አልቆም ብሎት ልቅሶ ሆነ። "ጥፋቴ ነው" አለ በልቅሶው መሐል። "ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቴ ነው። ይቅር በይኝ ልጄ።"

ጽናት ጣቱን አቃንታ በስንጥር አሰረች፤ ቋጠሮውንም እንደ እሱ አጠበቀች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ መጀመሪያ የእሱን ፊት፣ ቀጥላ የራሷን ጠረገች።

"አንድ ጣት ይቀራል" አለችው። ሁለተኛዋን ግን ስትይዝ ቀስ ብላ ነው የያዘችው።